ሥዕል የሚያድረው ዓይን ባለበት ነው፦ ስለ ዘመናዊ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ትርዒቶች

በአገራችን ስለ ቅኔና ስለ ግጥም ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። ስለ ሥዕልና ስለ ቅርጻ ቅርጽ፣ ይልቁንም ዘመናዊ ስለሚባለው፣ የሚጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህም ምክንያቱ ጸሓፊው «አንተ ስለ ሥዕል ምን ታውቃለህ?» እንዳይባል ስለሚፈራ ይመስለናል። እኛም ብንሆን የሥዕል ትምህርት ቤት ገብተን አልተማርንም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ከፈጸምን ወዲህ ዘመናችን ያለፈው በመዝገብና በደብዳቤ መካከል ነው። ነገር ግን ትርዒት የሚዘጋጀው ለሠዓልያን ብቻ ሳይሆን እንደ እኛ ላለውም ተመልካች ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ በበኩሉ የተሰማውን ቢናገር እንደ ድፍረት አይቈጠርበትም ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ በዓይናችን ያየነውን እንናገር። በአንድ የዘመናዊ ሥዕል ትርዒት ላይ፣ ቀስ እያልን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ስናልፍ፣ ጥቂት ሰዎች ከአንድ ሥዕል ፊት ቆመው አገኘን። ሁለት ወጣቶች ሥዕሉን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና «ይህንማ የእኅቴም ልጅ ይሠራዋል» ተባብለው እየሣቁ ሄዱ። ከእነርሱ ቀጥላ አንዲት አምራ የለበሰች ወይዘሮ ጀርባዋን ለሥዕሉ ሰጥታ በእጅ ስልኳ የራስዋን ፎቶግራፍ አነሣችና እርስዋም ሄደች። በመጨረሻ የቀሩት ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አጠገባቸው ወደ ቆመው ልጅ እግር ዘወር ብለው «ልጄ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁም «አባባ፣ ይህ እኮ አብስትራክት ነው» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና «ስሙን ስለ ነገርኸኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገሩን ግን ገና አልነገርኸኝም» ብለው ዓይናቸውን ወደ ሥዕሉ መለሱ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ይህ ነገር ከልባችን አልወጣም። የሣቁት ወጣቶች፣ ፎቶግራፍ ያነሣችው ወይዘሮና በአንዲት የባዕድ ቃል ጥያቄውን የዘጋው ልጅ፣ ሁሉም በየበኩላቸው ሥዕሉን ሳያዩት ቀርተዋል። መሣቅም ሆነ ያለ ጥያቄ ማድነቅ፣ ሁለቱም ከማየት መገላገያ ናቸው። «አልገባኝም» ብለው የቆሙት ሽማግሌ ግን ገና እየተመለከቱ ነበሩ። እንግዲህ በዘመናዊ ሥዕል ፊት መቆም እንዲህ የሚከብደን ስለ ምንድን ነው? ከዚህስ የተነሣ የቀረብን ነገር ምንድን ነው?

የማይገባን ነገር ባጋጠመን ቁጥር ሁልጊዜ እንዲህ የምናደርግ ሕዝብ አይደለንም። ባለቅኔው ቅኔውን ሲያሰማ ሰሙ ፈጥኖ ተሰምቶ ወርቁ የተሰወረ ቢሆን፣ አድማጭ «ይህ ሰው ቅኔ አያውቅም» ብሎ አይነሣም። ቃሉን ያመላልሰዋል፤ ኅብሩን ይፈልጋል፤ ያገኘው እንደ ሆነ ደስታው እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ያላገኘውም ጉድለቱን ወደ ራሱ መልሶ ከሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። ይህ ትዕግሥት እንዲያው የመጣ አይደለም። በቅኔ ቤት በብዙ ዘመን ትምህርት የሠለጠነ ጆሮ ያፈራው ፍሬ ነው። ጆሮአችን ይህን ያህል ሲማር ዓይናችን ግን ያለ አስተማሪ ቀረ።

ለዚህ አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሁነኛ ምስክር ናቸው። ገጣሚም ሠዓሊም ነበሩ። «ሀገሬ» የተባለውን ግጥማቸውን በቃሉ የሚወጣ ብዙ ሰው እናውቃለን። ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ግን ከሥዕሎቻቸው አንዱን እንኳ ቀርቦ ያየ ስንቱ ነው? እኛም ራሳችን ግጥሙን በተማሪነታችን ዘመን አጥንተን፣ ሥዕሎቻቸውን ያየነው ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑን ሳናፍር እንናዘዛለን። አንድ ሰው በአንድ ልብ ከሠራቸው ሁለት ሥራዎች አንዱ በሕዝብ አፍ ሲኖር፣ ሌላው በቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ሆኖ ተመልካች ይጠብቃል።

በዘመናዊ ሥዕል ላይ ዘወትር የሚሰማው ነቀፌታ ሁለት ነው። አንደኛው «የሚመስለው ነገር የለም» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የእኛ አይደለም፤ ከውጭ የተቀዳ ነው» የሚል ነው። ሁለቱን አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

ሥዕል የግድ መምሰል አለበት የሚለው አሳብ ከአባቶቻችን የወረስነው ይመስለናል እንጂ አይደለም። ወደ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ገብተን በግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ብንመለከት፣ የቅዱሳኑ ዓይን ከተፈጥሮ ዓይን እጅግ የገዘፈ ነው። ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ሲመለከተን፣ ኃጥኡ በአንድ ጎኑ ታይቶ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ከበስተ ኋላው ተራራና ሰማይ በርቀቱ ልክ እየጠበበ አይሄድም፤ ቢጫው ወይም ቀዩ ቀለም ዝም ብሎ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ዋናው ሰው ስለ ከበረ ብቻ ከሌሎቹ ይተልቃል። ይህን ሁሉ ያደረጉት የጥንት ሠዓልያን ሰው ዓይኑ ስንት መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። የሚሥሉት የሰውየውን መልክ ሳይሆን ክብሩን ወይም ውርደቱን ስለ ነበረ ነው። አያቶቻችንም «ይህ ሰው አንድ ዓይን ብቻ ያለው ስለ ምን ነው?» ብለው አልሣቁም፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና። በብራና ላይ የሚሣለውን ጠልሰም ደግሞ ያየ ሰው፣ መስመርና ማዕዘን፣ ክብና ዓይን ብቻቸውን ተጋጥመው፣ ሰውንም እንስሳንም ሳይመስሉ፣ በተመልካቹ ልብ ፍርሃትና ግርማ ሊያሳድሩ እንደሚችሉ ይመሰክራል።

ስለ ቅርጻ ቅርጽም ቢሆን እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በዙሪያው የሚታይ የተቀረጸ የሰው ምስል ስላላስለመደችን፣ ቀራጺ ያልነበረን ሕዝብ የሆንን ይመስለናል። ነገር ግን ከሮም ተመልሶ በ2008 በስፍራው የተተከለውን የአክሱም ሐውልት ልብ ብለን እንመልከተው። ከፍታው 24 ሜትር ያህል ነው። ከሥሩ የማይከፈት በር፣ ከበሩ በላይ ብርሃን የማያስገቡ መስኮቶች ፎቅ በፎቅ ተቀርጸውበታል። ቤት ይመስላል፤ ማንም ግን አይገባበትም። የቤትን አሳብ ብቻ ወስዶ ወደ ሰማይ ያቆመ ድንጋይ ነው። በጢያ ከቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ቅርጽ ተቀርጿል፤ ሰይፉን የያዘው እጅ ግን አይታይም። እነዚህን የቀረጹ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ኖረው ሥራቸውን በአንድ ትርዒት ላይ ቢያቀርቡ፣ «ምንድን ነው የሚመስለው?» የሚል ጥያቄ ሳይቀርብላቸው አይቀርም ነበር።

ይህን ስንል ግን አንድ ስሕተት እንዳንሠራ መጠንቀቅ አለብን። አባቶቻችን ጠልሰም ስለ ሣሉና ድንጋይ ስለ ጠረቡ፣ ዛሬ ቅርጹ የማይታወቅ ነገር ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። የአያት ክብር ለልጅ ልጅ ሥራ ዋስ አይሆንም። እኛ ለማስረዳት የፈለግነው ይህን ብቻ ነው፤ «አይመስልም» የሚለው ክስ አንድን ሥራ ለመፍረድ አይበቃም። የፎቶግራፍ መሣሪያ አገራችን ገብቶ ዓይናችን ሥዕልን በፎቶግራፍ ሚዛን መመዘን ከለመደ ወዲህ፣ ይህን አዲስ ልማድ እንደ ጥንታዊ ሕግ ቈጥረነዋል።

በዚህ የሚስቱት ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። ሥልጡን በሚባሉት አገሮች የሆነውን ብንመረምር ለራሳችን ትምህርት እናገኝበታለን። ብራንኩሲ የተባለው ሮማንያዊ ቀራጺ ከነሐስ ሠርቶ ያንጸባረቀው «ወፍ በጠፈር» የተባለ ሥራ በ1926 ከፓሪስ ወደ ኒው ዮርክ ተላከ። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ የጥበብ ሥራ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። የጉምሩክ ሹማምንት ግን ሣጥኑን ከፍተው ቢመለከቱ ክንፍም ላባም ምንቃርም አጡ፤ ያገኙት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ አንጸባራቂ ነሐስ ነው። ስለዚህ ከወጥ ቤትና ከሆስፒታል ዕቃ ክፍል መድበው ከመቶ 40 እጅ ቀረጥ ጣሉበት። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችን በዚያ ሹም ላይ ለመሣቅ አንደፍርም። ከፊቱ የተዘረጋው ቅጽ ለእያንዳንዱ ዕቃ ስፍራ ሰጥቶ ነበር፤ ላባ ለሌለው ወፍ ግን ስፍራ አልተወለትም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ብዙ ምስክር ከተሰማ በኋላ፣ በኅዳር 1928 ገደማ ዳኞቹ ዕቃው የጥበብ ሥራ ነው ብለው ፈረዱ። ምክንያታቸውም ተፈጥሮን ከመቅዳት ይልቅ አሳብን ለመግለጥ የሚጥር አዲስ የጥበብ ትምህርት መነሣቱን ሕግ ሊክደው አይችልም የሚል ነበር።

ፍርዱ በተሰጠ በዓመቱ፣ በ1929፣ በዚያችው ከተማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ብራንኩሲ ይህን ወፍ በልዩ ልዩ ጊዜ ደጋግሞ ሠርቶታልና፣ ከእነዚያ አንዱ ዛሬ በዚያ ቤተ መዘክር ይገኛል። አሜሪካኖች በጥቂት ዓመት ውስጥ ከእኛ የበለጠ ጥበብ የሚወድ ልብ አልበቀለላቸውም። ያደረጉት ነገር ቢኖር፣ መጀመሪያ የሣቁበትን ነገር ሊመላለሱ የሚያዩበት ቤት መሥራታቸው ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ደግሞ በጀርመን አገር ተፈጸመ። በሐምሌ 1937 የናዚ መንግሥት በሙኒክ ከተማ ሁለት ትርዒቶችን በአንድ ቀን ልዩነት ከፈተ። አንዱ መንግሥት የወደደው ሥዕልና ሐውልት የቀረበበት ነበር። ሁለተኛው ከአገሩ ቤተ መዘክሮች በግድ የተነጠቁ 650 ያህል ዘመናዊ ሥራዎች ለመሣቂያ የቀረቡበት ሲሆን፣ «የረከሰ ጥበብ» የሚል ስም ተሰጠው። ሥዕሎቹ ተጣበው፣ አንዳንዶቹም ተንጋደው ተሰቀሉ፤ በግድግዳው ላይ የስድብ ቃል ተጻፈባቸው። በሙኒክ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው መጥቶ ተመለከታቸው። ከተሰደቡት መካከል የካንዲንስኪና የክሌ ሥራዎች ነበሩባቸው። በ1939 ደግሞ ከተነጠቁት ሥዕሎች 125 የሚሆኑት በስዊዘርላንድ በሉሰርን ከተማ በሐራጅ ቀረቡ። በሙኒክ ቤተ መዘክር ትገኝ የነበረችው ቫን ጎግ የራሱን መልክ የሣለባት ሥዕል በዚያ ሐራጅ ተሽጣ፣ ዛሬ በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ትገኛለች። ጀርመን በገዛ እጅዋ የሸጠችውን ለማየት ዛሬ የጀርመን ተወላጅ ባሕር ይሻገራል።

ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሥዕል የሚያድረው ዓይን ባለበት ነው። የሚያየው ሰው ያጣ ሥዕል ከተወለደበት አገር ይሰደዳል፤ የሚያየው ሰው ባለበት ዘንድ ደግሞ፣ ባዕድም ቢሆን፣ ቤት ያገኛል።

ወደ አገራችን የሚያሻግረንም ይኸው የጀርመን ነገር ነው። ከሙኒኩ ትርዒት 20 ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ በ1932 ሐረር የተወለዱት አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በትምህርት ዕድል ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄዱ። በዚያም የተማሩት ጥበብ አገሪቱ በ1937 የሰደበችውንና በኋላ ተጸጽታ ወደ ቤቷ የመለሰችውን ነበር። ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። በ1963 በአዲስ አበባ ሥዕሎቻቸውን ባሳዩ ጊዜ፣ ቅርጽ የሌለው ሥዕል ያልለመደው ተመልካች ከፊሉ ተደነቀ፤ ከፊሉም «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» አለ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ቢሰጣቸውም ክርክሩ አልበረደም።

በዚያው በ1963 የሣሉት «ጎልጎታ» ለዚህ ክርክር ጥሩ መልስ ይመስለናል። አርእስቱ ከእኛ ሕዝብ ይልቅ ለማን ይቀርባል? ስቅለቱን በየቤተ ክርስቲያኑ ስናየው ኖረናል። ነገር ግን ደጋግመን ስላየነው ሕማሙን ማየት ትተን ምልክቱን ብቻ እናያለን። ሠዓሊው መልኩን አፍርሰው ቀዩን ቀለም ሲያገንኑት፣ ሥጋው መቊሰሉን እንደ አዲስ ወሬ ያሰሙናል። በዚያ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው «ይህ እጅ ነው፤ ይህ እግር ነው» እያለ አይቈጥርም። የሚሰማው የስቃይን ክብደት ነው። ታዲያ አርእስቱ የእኛ፣ ሕማሙም የእኛ ሆኖ ሳለ፣ የቀለሙ አጣጣል ከኮሎኝ የተማረ ስለ ሆነ ብቻ ባዕድ እንበለው? የአቶ ገብረ ክርስቶስ አባት የቤተ ክርስቲያን ሰውና የብራና ጸሓፊ ነበሩ። ልጁ ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ኮሎኝ ቢሄድ፣ ከአባቱ ቤት የያዘውን በመንገድ ላይ አልጣለውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የሚያሳዝን ነው። አቶ ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ መጨረሻ አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት በስደት ሞቱ። ከሥዕሎቻቸው ብዙዎቹ በጀርመን አገር ቆይተው፣ ሠዓሊው ከሞቱ ከሃያ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዛሬ በስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ በስማቸው በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይታያሉ። «ሀገሬ»ን የጻፉት ሰው ራሳቸው ወደ አገራቸው ሳይመለሱ፣ ሥዕሎቻቸው ተመለሱላቸው። እኛ ወደዚያ ቤተ መዘክር በገባን ቁጥር ይህን ሳናስብ አናልፍም።

የአቶ እስክንድር ቦጎሲያንም ዕጣ ከዚህ አይርቅም። በ1937 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄዱ፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ተሻግረው ብዙ ዓመት ኖሩ። በ1963 የፓሪሱ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሥራቸውን ገዛ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ከፍ ብለን ያነሣነው የኒው ዮርኩ ቤተ መዘክር እንዲሁ አደረገ። በ1966 ተመልሰው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን ጥቂት ዓመት ካስተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው፣ ከ1972 እስከ 2001 በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ2003ም በዚያው አረፉ። በ1964 የሣሉት፣ ክንፋም ፍጥረታት በሌሊት ሲበሩ የሚታይበት ታላቅ ሥዕል፣ ዛሬ በሰሜን ካሮላይና ቤተ መዘክር ነው። የእስክንድር ሥዕሎች ከጠልሰሙ ዓይን፣ ከብራናው ቀለምና ከአፍሪካ ተረት የተቀዱ መሆናቸውን ባዕዳን በየመጽሐፋቸው ይጽፋሉ። ጠልሰሙን ያወረሰው ሕዝብ ግን ሥዕሉን ለማየት ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ከኒው ዮርክና ከፓሪስ ጋር በገንዘብ እንወዳደር አንልም። የሚያሳዝነን ገዢ ማጣታችን ሳይሆን፣ ሥራዎቹ ሲሄዱ ልብ ብሎ «የት ሄዱ?» የሚል ብዙ ሰው አለመኖሩ ነው።

የሆነ ሆኖ የሚያጽናና ነገር የለም ማለታችን አይደለም። በመካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ቤተ መዘክር ያየ ሰው ተስፋ ያደርጋል። ይህን ቤት ሠዓሊውና ቀራጺው አቶ ኤልያስ ስሜ ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር ሆነው መሥርተውታል፤ ለሕዝብ የተከፈተውም በ2019 ነው። ግድግዳው በአባቶች ዘዴ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ሲሆን፣ ጭቃው ራሱ እንደ ቅርጻ ቅርጽ ተጠርቧል። ጭቃ ቤት ስንል የድህነት ምልክት አድርገን ለቆጠርን ሰዎች፣ ያ ግድግዳ ብቻውን ትልቅ ትርዒት ነው።

የአቶ ኤልያስ ሥራዎች ደግሞ ተመልካችን እንዴት መመልከት እንዳለበት ያስተምራሉ። ከመርካቶ ከምናለሽ ተራና ከመሰለው ስፍራ የተሰበሰበ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የተጣለ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃና ቁልፍ አንድ በአንድ ተጐንጕኖና ተቸንክሮ ሰፊ ግድግዳ ይሞላል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ ቍልቍል የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፤ አረንጓዴው ከቡናማው ተጋጥሞ ተዘርግቷል። ጥቂት ሲጠጉ ማሳው ጠፍቶ የሽመና ጥለት ይሆናል። አፍንጫ እስኪነካ ሲቀርቡ ደግሞ ሽቦ ብቻ ነው፤ ትናንት የማናውቀውን ሰው ድምፅ ያስተላልፍ የነበረ ሽቦ። ሥዕል ነው እንዳይባል ከግድግዳው ወጣ ይላል፤ ሐውልት ነው እንዳይባል እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ያለፈ ሰው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተመላለሰ ሰው ግን ሁሉንም ያገኛል። በቅኔ ቃሉን ማመላለስ እንደሚያስፈልግ፣ እዚህም እግርን ማመላለስ ያስፈልጋል።

ጽሑፋችን ለሠዓልያን ጥብቅና የቆመ ብቻ እንዳይመስል ደግሞ የሚነቀፈውንም እንናገር። ዘመናዊ በሚል ስም ተሸፍኖ የሚቀርበው ሁሉ እንደ ገብረ ክርስቶስና እንደ እስክንድር ሥራ አይደለም። መልክ መሣል የሚችል ሰው አውቆ መልክን ቢተው የሚተወው ነገር አለው፤ ያልያዘውን የሚተው ግን ምንም አልተወም። አንዳንድ ወጣት ሠዓሊ ገና እጁ ሳይፈታ ቀለም በሸራ ላይ ያፈስስና፣ «ምን ለማለት ነው?» ሲባል «እናንተ እንደ ተረዳችሁት» ይላል። ይህ ትሕትና አይደለም፤ ከኀላፊነት መሸሽ ነው። ባለቅኔ ወርቁን አይናገርም፤ ወርቅ መኖሩን ግን ያውቃል። ሌሎች ደግሞ አንድ ጊዜ የተሸጠላቸውን ሥዕል ቀለሙን ብቻ እየለዋወጡ ዐሥር ጊዜ ይሥሉታል። እንዲህ ያለውን ከእውነተኛው ለመለየት የሚችለው የለመደ ዓይን ብቻ ስለ ሆነ፣ የተመልካቹ አለመማር መልካሙን ሠዓሊ ሲጐዳ ደካማውን ይጠቅመዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አሳባችን ቀላልና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። መጀመሪያ፣ በየትርዒቱ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ የሠዓሊው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ ከምን እንደ ተሠራና ጥቂት ቃል በአማርኛ ይጻፍ። መግለጫው በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ ያየንባቸው ትርዒቶች አሉ። ከላይ ያነሣናቸው ሽማግሌ ቢያነቡም ስለማይገባቸው ነገሩን የሚነግራቸው አጡ። ሁለተኛ፣ አዲሱን ከጥንታዊው ጋር ጎን ለጎን ማሳየት ይገባል። ከእስክንድር ሥዕል አጠገብ አንድ ጥቅልል ጠልሰም ቢሰቀል፣ የሠለጠነ መምህር በአንድ ሰዓት የሚያስረዳውን ዓይን በአንድ ጊዜ ይረዳዋል። ሦስተኛ፣ ትርዒት በመክፈቻው ዕለት ብቻ ሰው የሚሞላበት፣ ከዚያ በኋላ ባዶውን የሚውል እንዳይሆን፣ ተማሪዎች በየክፍላቸው እየመጡ፣ በተመላለሱም ጊዜ ያንኑ ሥራ ደግመው እንዲያዩ ይደረግ። ቅኔ በአንድ ቀን እንዳልተለመደ ሥዕልም በአንድ ቀን አይለመድም።

አራተኛው ለእኛው ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ነው። በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ አንድ ሥዕል ተሰቅሎ ይኖራል። ማን እንደ ሣለው የሚያውቅ የለም። ግማሹን የመዝገብ ቁም ሣጥን ጋርዶታል፤ በቀረው ግማሽ ጫፍ ላይ በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ይንጠለጠልበት ነበር። ከዚያ ትርዒት በተመለስን ማግሥት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል በፊቱ መመላለሳችን ትዝ ብሎን አፈርን። ተላላኪያችንን «ጋሼ፣ እባክዎን ይህን ቁም ሣጥን ትንሽ እንግፋው» ብለን ሁለት ሆነን ገፋነው፤ የቀን መቁጠሪያውንም ወደ ሌላ ግድግዳ አዛወርነው። አቧራውን ስንጠርግ፣ ከቁም ሣጥኑ በስተ ኋላ ተሰውሮ የኖረው ክፍል ሰማያዊ ኖሯል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥዕሉ ቡናማ ብቻ ይመስለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ የሚያልፍ ባለጉዳይ አልፎ አልፎ ቆም ይላል። አንዳንዱ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀናል። እኛም ነገሩን ገና ስላላወቅነው፣ በስም ዘግተን አንመልሰውም፤ «እኛም እያየነው ነው» እንላለን። ከዚህ ቀጥሎ የሠዓሊውን ስም ፈልገን በአማርኛ ጽፈን ከሥሩ ለመለጠፍ አስበናል።